የሌለ ድምፅ ለምን ይሰማል? የጆሮ ጩኸት መነሻውና ማስታገሻው

ታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ ሉድቪግ ቫን ቤቶቨን እ.ኤ.አ. በጁን ወር 1801 ለሐኪም ወዳጁ ለፍራንዝ ቬገለር ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በዚያ ጊዜ ዕድሜው ገና 30 ዓመት ነው። በደብዳቤው የመስማት ኃይሉ እየደከመ መሄዱን ከገለጸ በኋላ፣ ጆሮዎቹ ቀንም ሆነ ሌሊት መጮኻቸውን እንደማያቋርጡና በዚሁ ሳቢያ ከሰው መሸሽ እንደ ጀመረ ለወዳጁ አስታውቋል። ከእርሱ በኋላ የተነሣው የቦሄሚያው የሙዚቃ ደራሲ ቤድርዥክ ስሜታና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1874 ሁለቱም ጆሮዎቹ መስማት ተሳናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች በደረሰው ሥራ የመጨረሻ ክፍል ላይ፣ ፈንጠዝያ የሞላበት ዜማ በድንገት ይቋረጥና አንድ እጅግ ቀጭን የቫዮሊን ድምፅ ረዝሞ ይሰማል። ይህ ድምፅ መስማት ከመሳኑ አስቀድሞ በጆሮው ውስጥ ያፏጭ የነበረው ድምፅ እንደ ሆነ ስሜታና ራሱ አስረድቷል።

ሕመሙን በዚህ መልክ ለሌላው ማሰማት የሚችል ታማሚ ግን ብዙ አይገኝም። ትኩሳት በቴርሞሜትር ይለካል፤ የተሰበረ አጥንት በራጅ ይታያል፤ የጆሮ ጩኸት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ በስተቀር ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ታማሚው ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ አንደኛው ጩኸቱ ራሱ ሲሆን ሁለተኛው «ተመርምረሃል፣ ምንም የለብህም» መባሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ ድምፁ ከየት እንደሚመነጭ፣ አንዱን ሰው ሲያሠቃይ ሌላውን ለምን እንደማይረብሸው፣ እንዲሁም ሳይንስ እስከ አሁን ያገኘለትን ማስታገሻ እንመለከታለን።

ለመሆኑ የጆሮ ጩኸት ምንድን ነው?

በተለምዶ «ጆሮዬ ጮኸ»፣ «ጆሮዬን ጭው አለኝ» የምንለው ስሜት በሕክምና ቋንቋ ቲናይተስ ይባላል። ቃሉ የተወሰደው «ማቃጨል» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ ነው። ባጭሩ ሲተረጎም ከውጭ ምንም የድምፅ ምንጭ ሳይኖር የሚሰማ ድምፅ ማለት ነው። ለአንዱ እንደ ፉጨት፣ ለሌላው እንደ ንብ መንጋ ጢዝታ፣ ለሦስተኛው ደግሞ ጣቢያው እንደ ጠፋበት ሬዲዮ ሆኖ ይሰማዋል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ነገር ቢኖር፣ የሌለ ንግግር ወይም ትእዛዝ መስማት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ችግር መሆኑ ነው። ብዙዎች «አበደ እባላለሁ» በሚል ፍርሃት ሕመማቸውን ለዓመታት ደብቀው የሚኖሩት ሁለቱን ከማምታታት የተነሣ ነው።

ችግሩ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና የበርካታ አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ ሥራ እንዳመለከተው፣ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች 14 በመቶ ያህሉ፣ ይኸውም ከ740 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች፣ የጆሮ ጩኸት አለባቸው። ከባድ በሆነ ደረጃ የሚያሠቃያቸው ደግሞ 2 በመቶ ወይም ከ120 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከዚህም ይበልጥ የሚያስገርመው እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለር እና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ነው። የመስማት ችግር የሌለባቸውን 80 ሰዎች ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ እያስገቡ የሚሰሙትን እንዲናገሩ ቢጠይቋቸው፣ 94 በመቶ የሚሆኑት ክፍሉ ውስጥ ያልነበረ ድምፅ እንደ ሰሙ ተናገሩ። እንግዲህ ጥያቄው «ይህ ሰው ለምን ጩኸት ይሰማዋል?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ሌሎቻችን በዘወትር ኑሯችን ለምን አይሰማንም?» ተብሎም መጠየቅ ይኖርበታል።

ከቀንድ አውጣው እስከ አንጎል

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። ንዝረቱ የጆሮን ታምቡር ካርገበገበ በኋላ በሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አማካይነት ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይተላለፋል። በዚያ የሚገኘውና የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስለው ጥምዝ አካል ኮክሊያ ይባላል፤ ቢዘረጋ ርዝመቱ 35 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በውስጡ ጫፋቸው ላይ ፀጉር መሰል ዘንጎች ያሏቸው ሕዋሳት ተደርድረዋል። 3,500 ያህሉ ንዝረትን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጣሉ፤ 12,000 ያህሉ ደግሞ ደካማውን ንዝረት ያጎላሉ። በዓይናችን ውስጥ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ከመቶ ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ሲታሰብ፣ የጆሯችን ሀብት ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ግልጽ ነው። አደራደራቸውም እንደ ክራር አውታሮች ነው፤ በኮክሊያ መግቢያ ላይ ያሉት ቀጭን ድምፅ፣ ወደ ውስጠኛው ጫፍ ያሉት ወፍራም ድምፅ ይቀበላሉ። የድምፅ ሞገድ በዚህ አካል ላይ እንዴት እንደሚጓዝ ያጠናው ጌዖርግ ፎን ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል።

እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ልጅ ውስጥ አይተኩም። (ዶሮ በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻለች ናት፤ የተጎዱባት የመስሚያ ሕዋሳት መልሰው እንደሚበቅሉ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተረጋግጧል።) የጆሮ ጩኸት ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ በመጠኑም ቢሆን የመስማት ጉዳት አላቸው፤ የሚሰሙት የጩኸት ቅጥነትም ብዙውን ጊዜ መስማት ከተሳናቸው የድምፅ ክልል ጋር ይገጣጠማል። ከዚህ ተነሥተው ቀደምት ሐኪሞች «ጩኸቱ የሚመነጨው ከተጎዳው ኮክሊያ ነው» ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም።

ይህን አስተሳሰብ ያናጋው የቀዶ ሕክምና ልምድ ነው። በመስማት ነርቭ ላይ የሚያድግ ዕጢ ሲወጣ ነርቩ አብሮ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። ምንጩ ጆሮው ቢሆን ኖሮ ነርቩ ሲቆረጥ ጩኸቱም መቆም ነበረበት። ሆኖም ከብዙዎቹ ታማሚዎች ጩኸቱ አልተለየም፤ በአንዳንዶቹ ላይ እንዲያውም ባሰ። ጆሮው ከአንጎል ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጦ ድምፁ የሚቀጥል ከሆነ፣ ድምፁን የሚያሰማው ሌላ አካል መሆን አለበት።

ያ አካል አንጎል ነው። የመስማት ነርቭ ጸጥታ በሰፈነበት ጊዜ እንኳ ሥራ አይፈታም፤ ከክሮቹ አንዳንዶቹ ምንም ድምፅ ሳይኖር በሴኮንድ እስከ መቶ የሚደርስ የኤሌክትሪክ ምት ይልካሉ። አንጎል ይህን የዘወትር ጉርምርምታ እንደ ዝምታ ቆጥሮት ይኖራል። የፀጉር ሕዋሳት ሲሞቱ ከዚያ ክፍል የሚመጣው ምት ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ በአንጎል ግንድ ውስጥና ከዚያ በላይ ያሉት የመስማት ማዕከላት የቀነሰባቸውን መልእክት ለማካካስ ሲሉ የራሳቸውን ንቃት ያሳድጋሉ፤ አንዱ የነርቭ ሕዋስ ሌላውን የሚያረጋጋባቸው ኬሚካሎችም ይመነምናሉ። ሩቅ ያለ ጣቢያ አልሰማ ሲለን የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ብናደርገው ከንግግሩ ይልቅ ሽውታው ጎልቶ እንደሚሰማን ዓይነት ነው። እጁ የተቆረጠ ሰው የሌለ ጣቱ ሲያሳክከው እንደሚሰማው ሁሉ፣ የጆሮ ጩኸትም የታጣ ድምፅ ጥላ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ማብራሪያ በሙከራ የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነ አንድ ጥናት ጤናማ ጆሮ ያላቸው 18 ፈቃደኞች አንድ ጆሯቸውን ለ7 ቀናት በመድፈኛ ዘግተው እንዲቆዩ ተደረገ። 14ቱ የሌለ ድምፅ መስማት ጀመሩ፤ መድፈኛው ሲወጣ ድምፁ ጠፋ። አካላዊ ጉዳት አልደረሰባቸውም፤ የጎደለው ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ብቻ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1964 ኤበርሃርት ትስቪከር የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ ይበልጥ አጭር ክስተት አስተውሏል። ሁሉንም የድምፅ ቅጥነቶች ያካተተ፣ ነገር ግን መካከል ላይ አንድ ጠባብ ክልል የተቆረጠለት ሽውታ ለጥቂት ጊዜ ተሰምቶ በድንገት ሲቆም፣ አድማጩ በተቆረጠው ክልል ውስጥ ያለ ቀጭን ድምፅ ለጥቂት ሴኮንዶች ይሰማዋል። ባዶው ስፍራ በአንጎል ይሞላል።

የሌለ ድምፅ በእንስሳ ላይ እንዴት ይጠናል? አይጥ ተጠይቃ አትመልስም። ፓቬል ያስትሬቦፍ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ለዚህ ብልኃት አገኙ። አይጦቹን የማያቋርጥ ሽውታ እያሰሙ፣ ሽውታው በተቋረጠ ቁጥር ውኃ መጠጣታቸውን እንዲያቆሙ አሠለጠኗቸው። ከዚያም የአስፕሪን ዘመድ የሆነውንና ብዙ ሲወሰድ ጆሮን የሚያስጮኸውን ሳሊሲሌት ሰጧቸው። አይጦቹ ሽውታው ቢቆምም መጠጣታቸውን ቀጠሉ፤ ለእነርሱ ዝምታ አልነበረምና።

ይህ ሁሉ ሆኖ በመስማት ምርመራ ጤናማ ተብለው ጆሯቸው የሚጮኽባቸው ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሻሮን ኩጃዋ እና ቻርልስ ሊበርማን በአይጦች ላይ ያደረጉት ጥናት ለዚህ ፍንጭ ሰጥቷል። 100 ዴሲቤል ለሆነ ድምፅ ለሁለት ሰዓት የተጋለጡት አይጦች የመስማት ውጤታቸው ከቀናት በኋላ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ የፀጉር ሕዋሳቸውም አልሞተም። ይሁን እንጂ ሕዋሳቱን ከነርቩ ጋር ከሚያገናኙት ሳይናፕሶች መካከል በአንዳንድ ክፍል እስከ ግማሽ የሚደርሱት ለዘለቄታው ጠፍተው ተገኙ። ስለሆነም «ምርመራው ምንም አላሳየም» ማለትና «ምንም ጉዳት የለም» ማለት አንድ አይደሉም።

ጆሮን የሚያስጮኹ ነገሮች

ከዕድሜ መግፋት ቀጥሎ ዋነኛው መንስኤ ከፍተኛ ድምፅ ነው። በወፍጮ ቤት፣ በብረታ ብረት ወርክሾፕና በጄኔሬተር አጠገብ የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ዴሲቤል እንደ ተራ ቁጥር የሚቆጠር መለኪያ አለመሆኑን የፊዚክስ ተማሪዎች ያውቃሉ፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል። በሥራ ጤና ዘርፍ በሰፊው በሚሠራበት አንድ መመሪያ መሠረት 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ከተፈቀደ፣ 88 ለ4 ሰዓት፣ 100 ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ ይፈቀዳል። የሞባይል ስልክ ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ከዚህ ከፍታ ሊደርስ ይችላል። ከድግስ ወይም ከኮንሰርት በኋላ ለአንድ ሌሊት ጭው የሚል ጆሮ ሲነጋ «ተሻለው» ቢባልም፣ ከላይ የተጠቀሰው የአይጦቹ ውጤት በዚህ መተማመን እንደማይገባ ያሳስባል።

ሌላው መንስኤ መድኃኒት ነው። ኪኒን በብዛት ሲወሰድ ጆሮን እንደሚያስጮኽ ወባን ያከሙ ሐኪሞች ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። (በአማርኛ ለማንኛውም እንክብል መጠሪያ የሆነው ቃል ራሱ ከዚሁ መድኃኒት የተወረሰ ነው።) የኪኒንና የአስፕሪን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም አብሮ ይጠፋል። የስትሬፕቶማይሲንና የዘመዶቹ የካናማይሲን፣ የአሚካሲንና የጄንታማይሲን ጉዳት ግን ሊመለስ አይችልም፤ በኮክሊያ መግቢያ ያሉትን የፀጉር ሕዋሳት ይገድላሉና። እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን የመጀመሪያው የሳንባ ነቀርሳ ፈውስ እንደ ነበር አይዘነጋም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዟቸው በእነዚህ መርፌዎች ለወራት ከታከሙት መካከል፣ በአገራችንም ጭምር፣ ሕይወታቸው ተርፎ ጆሯቸው የተጎዳ ሰዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 ወዲህ ካናማይሲን ለዚህ ሕክምና እንዳይውል የመከረ ሲሆን፣ በ2020 ደግሞ በአፍ ብቻ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ቅድሚያ እንዲያገኙ አድርጓል።

አነስተኛ ድምፅ፣ ከባድ ሥቃይ

አሁን ወደ ዋናው እንቆቅልሽ እንምጣ። ታማሚው የጩኸቱን ጉላት ከመሣሪያ ድምፅ ጋር እንዲያመሳስል ሲደረግ፣ የሚመርጠው ድምፅ በጭንቅ ሊሰማው ከሚችለው ዝቅተኛ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዴሲቤል ቢበልጥ ነው። ይህ ከሹክሹክታ ያነሰ ነው። ከዚህም ባሻገር በሚለካው ጉላትና በሥቃዩ ክብደት መካከል ያለው ግንኙነት ደካማ ነው። ተመሳሳይ ጩኸት ካለባቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ሥራውን እየሠራ በሰላም ሲኖር ሌላው እንቅልፍ አጥቶ፣ ሰው ጠልቶ፣ ከሕይወቱ ጋር እስከ መሰላቸት ሊደርስ ይችላል።

ያስትሬቦፍ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው ማብራሪያ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በዋና መንገድ ዳር የሚኖር ሰው የመኪናውን ድምፅ ከጊዜ በኋላ መስማት ይተዋል፤ በዚያው ቤት የተኛች እናት ግን ሕፃኗ ትንሽ ሲነጫነጭ ብን ብላ ትነቃለች። አንጎል ድምፅን የሚመዝነው በጉላቱ ሳይሆን በትርጉሙ ነው። የጆሮ ጩኸት ሲጀምር ከፍርሃት ጋር ከተቆራኘ፣ ማለትም ሰውየው «ልደነቁር ነው»፣ «አንጎሌ ውስጥ አንድ ነገር በቅሏል» ብሎ ከደነገጠ፣ የስሜትና የንቃት ማዕከላት ድምፁን የአደጋ ምልክት አድርገው ይመዘግቡታል። አደጋን ደግሞ ለምዶ መርሳት አይቻልም። ፍርሃቱ ትኩረትን፣ ትኩረቱ ጩኸቱን፣ ጩኸቱ እንቅልፍ ማጣትን፣ እንቅልፍ ማጣቱም መልሶ ፍርሃትን ይወልዳል። ሌሊት ሌላው ድምፅ ሁሉ ጸጥ ሲል የሚብሰውም ለዚህ ነው።

በእኔ ግምት «ከእሱ ጋር መኖርን ልመድ» የሚለው የተለመደ ምክር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ጭካኔ ነው። መልመድ የሚቻል መሆኑ እውነት ነው፤ እንዴት እንደሚለመድ ሳያስረዱ ታማሚውን ከበር መመለስ ግን ፍርሃቱን ያጸናበታል።

ምርመራና ማስታገሻ

የመጀመሪያው እርምጃ ሊታከም የሚችል መንስኤ መኖር አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። የደረቀ የጆሮ ኩክ ወይም የመሐል ጆሮ ቁስለት ብቻውን ጆሮን ሊያስጮኽ ይችላል፤ ኩኩን በክብሪት እንጨት መጎርጎር ግን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ ማንጠብጠብም ታምቡሩ ከተቀደደ አደገኛ ነው። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ጩኸት የነርቭ ዕጢ እንዳይሆን መመርመር አለበት። ከልብ ምት ጋር እኩል የሚመታ ጩኸት ደግሞ ከላይ ከተገለጸው የተለየ ነው፤ የደም ሥር ችግር፣ የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያሻዋል። በድንገት መስማት የተሳነው ሰው አንድም ቀን ማሳለፍ የለበትም፤ ሕክምናው የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና።

እነዚህ ሁሉ ከሌሉ፣ ጩኸቱን የሚያጠፋ እንክብል እስከ ዛሬ አለመገኘቱን በግልጽ መናገር ይገባል። የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ጊንኮ የተባለው የቅጠል ጭማቂ፣ ዚንክና ሜላቶኒን ለዚህ ተብለው እንዳይታዘዙ መክሯል። በአንጻሩ የመስማት ጉድለት ላለበት ሰው የመስማት አጋዥ መሣሪያ ሁለት ጥቅም አለው፤ ንግግር ያሰማዋል፤ ለአንጎሉም የጎደለውን መልእክት ስለሚመልስለት ጩኸቱን ያለዝበዋል። ሌሊት ፍጹም ጸጥታን ማስወገድም ይረዳል። ዝቅ ብሎ የተከፈተ ሬዲዮ ወይም የማራገቢያ ድምፅ በቂ ነው፤ ድምፁም ጩኸቱን ውጦ የሚያስቀር ሳይሆን አብሮት የሚሰማ ቢሆን ይመረጣል፤ አንጎል የማይሰማውን ነገር ሊለምድ አይችልምና።

ጠንካራ ማስረጃ ያለው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮክሬን ተቋም 28 ጥናቶችንና 2,733 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ይህ ሕክምና የጆሮ ጩኸት በኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጫና እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ሕክምናው የጩኸቱን ጉላት አይነካም፤ ድምፁን ከአደጋ ምልክትነት የሚያወጣ ሥልጠና ነው። «የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂድ» የተባለ ታማሚ «ሕመሜን ፈጠራ አሉት» ብሎ ቅር ሊሰኝ አይገባም፤ ሥቃዩ የሚሠራው በአንጎል ውስጥ ከሆነ ማስታገሻውም እዚያው ቢፈለግ ተገቢ ነው።

አዳዲስ ሙከራዎችም አሉ። ጆሮን በድምፅ፣ ምላስን ደግሞ በቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት በአንድ ጊዜ የሚያነቃቃ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የአሜሪካን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቷል። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሱዛን ሾር ቡድን ደግሞ በዚያው ዓመት ድምፅንና በአንገት ወይም በጉንጭ ቆዳ በኩል የሚሰጥ ንዝረትን በሚሊ ሴኮንድ አመጣጥኖ የሚያቀርብ ዘዴ በ99 ሰዎች ላይ ሞክሮ ተስፋ ሰጪ ውጤት ይፋ አድርጓል። የፀጉር ሕዋሳትን መልሶ ያበቅላል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት አንድ መድኃኒት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ሳይሳካ ቀርቷል።

ሕዋሳቱ አንድ ቀን መልሰው ቢበቅሉ አንጎል ከዓመታት በፊት ከፍ ያደረገውን ንቃት ዝቅ ያደርግ ይሆን? ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ የሚገኘው መስማት ስለ ተሳናቸው ኮክሊያር ኢምፕላንት ከተገጠመላቸው ሰዎች ነው። መሣሪያው የሞቱትን ሕዋሳት አልፎ ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ያነቃቃል። ከብዙዎቹ ተጠቃሚዎች ጩኸቱ ቀንሷል፤ ለዓመታት አብሯቸው ከኖረ በኋላም ሙሉ በሙሉ የተዋቸው አሉ። ማታ መሣሪያውን አውልቀው ሲተኙ ግን ጩኸቱ የሚመለስባቸው ጥቂቶች አይደሉም፤ በማግስቱ ጠዋት ሲያበሩት ደግሞ መልሶ ይረግባል።